ኦቦ ዲንሳ ያልገለጡት ገጽ

የናፍታሊን ሽታ ለሌላው ሰው የጋቢና የቁም ሣጥን ሽታ ነው፤ ለእኔ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሽታ ነው። ባለፈው ሳምንት፣ ዝናቡ አባርቶ የነቀምቴ ቀይ ጭቃ የሰውን ጫማ ይዞ አልለቅ በሚልበት ከሰዓት በኋላ፣ አንዲት ሴት በነጠላ የተጠቀለለ ከባድ ነገር እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጇ አቅፋ ደጄ ላይ ቆመች። ገና ፊቷን ሳልለይ፣ ገና «ግቢ» ሳልላት፣ ሽታው ቀድሟት ገባ። በጥቅሉ ውስጥ ምን እንዳለም፣ ሴትዮዋ የማን ልጅ እንደሆነችም ያወቅሁት በዚያው ሽታ ነው። የኦቦ ዲንሳ ልጅ አያንቱ ነበረች። አባቷን ከቀበርን ገና ጥቂት ሳምንት ነው።

«አባባ ለአንቺ ስጪ ብለውኝ ነው» አለችና ጥቅሉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። ቀስ ብላ፣ በጀርባው አስተኝታ፣ ልክ አባቷ እንደሚያስቀምጡት። ሻይ ጠጥታ እስክትሄድ ድረስ ነጠላውን አልፈታሁትም። ከሄደች በኋላም አልፈታሁትም። ተናድጄ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ፣ ጸጉሬ ነጭ ሆኖ፣ በአንድ መጽሐፍ ምክንያት እንደ ሰባተኛ ክፍል ተማሪ ልናደድ እንደምችል አላውቅም ነበር።

እኔ ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። እናቴ ሲሬ፣ አውቶቡስ የሚቆምበት ቦታ አጠገብ፣ ለመንገደኛ ሻይና ዳቦ ትሸጥ ነበር፤ የመጀመሪያ ልጅ ስለነበርኩ ወንድሞቼን ማዘልና ብርጭቆ ማለቅለቅ የእኔ ሥራ ሆነና «ለከርሞ ትገቢያለሽ» እየተባልኩ ከርሞው ሌላ ከርሞ እየወለደ ደረቴ ማጎጥጎጥ ጀመረ። ፊደል የለየሁት ስኳርና ኦቾሎኒ ከሚጠቀለልበት ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱ ግማሽ ዜና ነው፣ ግማሽ የሒሳብ ፈተና ነው፣ አለዚያም ልጅቷ ወንዙ ዳር ስትደርስ ላይ የተቀደደ ታሪክ ነው። ልጅቷ ወንዙን ትሻገር አትሻገር ዛሬም አላውቅም። እንዲህ ሆኜ ስላደግሁ ነው መሰለኝ፣ መጨረሻውን ያልነገሩኝ ነገር እንደ ቁንጫ ያሳክከኛል።

በኋላ አክስቴ ወደ ነቀምቴ ወሰደችኝ። አንደኛ ክፍል ስገባ ከመምህሯ ትከሻ እደርስ ነበር፤ ዴስኩ ጉልበቴን ስለማያስገባ በጎን እቀመጥ ነበር፤ ልጆቹም ያለ ምንም ተንኮል፣ ቁመቴን አይተው ብቻ፣ «እማማ» የሚል ስም አወጡልኝ። ስሙ ከክፍል ክፍል ተከተለኝ። ደብል መትቼ ሦስተኛ ስገባ «እማማ ሦስተኛ ገባች»፣ ሰባተኛ ስደርስ «እማማ ሰባተኛ»። መልስ አልሰጣቸውም ነበር። ድሮም ብዙ አልናገርም፤ ዝም ብዬ ግን አንድም ነገር አልሳሳትም ብዬ ለራሴ ምዬ ነበር። ዘግይቶ የመጣ ሰው ሲሳሳት ስህተቱ የራሱ ብቻ አይሆንም፤ «ድሮስ!» የሚል ሰው ሁሌ አይጠፋም።

ሰባተኛ ክፍል ነው እንግዲህ ንባብ ቤቱን ያገኘሁት። ከሚሲዮኑ ግቢ በስተጀርባ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር ያለ፣ ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው የሰውን ድምፅ የሚውጥ አንድ ክፍል ነበር። አግዳሚ ወንበሮች፣ የኦሮምኛና የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱሶች፣ ሽፋናቸው የተገነጠለ መጽሔቶች፣ አንድ የዓለም ካርታ፤ በመስኮቱ አጠገብ ደግሞ የመስታወት በር ያለው ቁም ሣጥን። በቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ ዘንበል ባለ የእንጨት ማስቀመጫ ላይ፣ ሕፃን ልጅ የሚያክል የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ተከፍቶ ተኝቷል። በአራቱም ማዕዘን ብል እንዳይበላው ናፍታሊን በጨርቅ ተቋጥሮ ተቀምጧል። የሣጥኑ ቁልፍ በክር ታስሮ የንባብ ቤቱ ጠባቂ የኦቦ ዲንሳ አንገት ላይ፣ ከሸሚዛቸው ሥር ነው የሚውለው።

ኦቦ ዲንሳ ቀጭን፣ ካኪ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ፣ ጠዋት ጠዋት መስታወቱን በጋዜጣ እያሹ የሚያበሩ ሰው ነበሩ። ስገባ ጎንበስ ብዬ «አካም ቡልተን፣ ኦቦ» እላለሁ፣ እሳቸው «ናጋ፣ ኢንተላ ኮ» ይሉኛል፤ ደህና፣ ልጄ እንደማለት ነው። በቀረው ንግግር አማርኛና ኦሮምኛውን እንደ ሁላችንም አዋህደን ነበር የምንግባባው። መጽሐፍ ቅዱሱንም መጽሔቱንም አውርደው ይሰጡኛል። ያንን ትልቁን ግን «ይሄ ይቅር» ይላሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መጽሐፉ የአንዲት ፈረንጅ መምህርት ነበር፤ ሁሉም «ሚስ» ነበር የሚላት። ዘመኑ ሲከፋ፣ ሚሲዮኖቹ በችኮላ ከአገር ሲወጡ፣ ሚስ አንድ ቃል ስትፈልግ ገልጣ የተወችውን መጽሐፍ እዚያው ጥላ፣ ለኦቦ ዲንሳ ቁልፉን ሰጥታ፣ «አደራህን» ብላ በአርጆ መውጫ በኩል ወደቆመው መኪና ሮጠች። አደራ በሁለቱም ቋንቋችን አንድ ቃል ናት። ሚስ ቋንቋችንን የምትናገረው በመንገዳገድ ቢሆንም፣ ይህችን ቃል በትክክል ነው የተናገረቻት፤ ኦቦ ዲንሳም በትክክል ነው የሰሟት። ሰው አደራ ያስቀመጠውን ነገር ሲመለስ እንዳስቀመጠው ማግኘት አለበት። ሚስ መጽሐፉን የተወችው ተገልጦ ነው፤ ስለዚህ ተገልጦ ይቆያል። የተወችው እዚያ ገጽ ላይ ነው፤ ስለዚህ እዚያ ገጽ ላይ ይቆያል። መንግሥትም ዘመንም ሲቀየር ያ ገጽ አልተቀየረም።

እኔም ሌላ ስላልነበረኝ እነዚያን ሁለት ገጾች በመስታወቱ ላይ አፍንጫዬን ደግፌ አነበብኳቸው። ታንጀንት፣ ታንጀሪን፣ ታንጎ፣ ታንክ፣ ታንከር፤ ቆዳ ስለማልፋት፣ ቆዳ ስለሚያለፉበት ቅርፊት፤ የተቋጠረና የተወሳሰበ ነገር፤ በእጅ የሚዳሰስ ነገር። መንደሪን የምንላት ፍሬ በእንግሊዝኛ ስሟን ያገኘችው ከአንድ የሞሮኮ ወደብ እንደሆነ ሳነብ፣ ቃልም እንደ ሰው የትውልድ ቦታ እንዳለው ያን ቀን ገባኝና ቀኑን ሙሉ ሰው ባገኝ ልነግር ስፈልግ ዋልኩ፤ የሚሰማኝ አላገኘሁም። በእንግሊዝኛ ድርሰት ስጽፍ የማውቃቸው ከባድ ከባድ ቃላት ሁሉ በ«ታን» የሚጀምሩ ስለነበሩ፣ «የክረምት ዕረፍቴ» በሚል ርዕስ፣ መንደሪን የጫነ ታንከር ቆዳ ፋብሪካ በር ላይ ታንጎ ከሚጨፍሩ ሰዎች ጋር የሚጋጭበትን ታሪክ ጻፍኩ። እንግሊዝኛ የሚያስተምረን ቲቸር ሽፈራው ወረቀቱን ሲመልስልኝ ለረጅም ጊዜ አየኝና «የት ነው የከረምሽው አንቺ?» አለኝ።

የገጹ የመጨረሻ ቃል፣ በቀኝ በኩል ከታች ጥጉ ላይ፣ ታንታላይዝ ነበር። ትርጉሙ ተጽፏል፤ የሚፈልገውን ነገር አቅርቦ እያሳዩ፣ ሊይዘው ሲል እያራቁ፣ ሰውን ማሠቃየት። ከዚያ «ታንታለስ ከሚለው ስም» ይላል፤ ገጹ እዚህ ላይ ያልቃል። ታንታለስ ማነው? ሰው ነው? አገር ነው? ራሱ ታንታለስ በቀጣዩ ገጽ አናት ላይ እንደሚሆን በፊደል ተራ አውቄዋለሁ። ከዓይኔ እስከ መልሱ የአንድ ወረቀት ውፍረት ነበር።

ይህ ሁሉ ባልከፋኝ፤ ግን ቲቸር ሽፈራው አንድ ሥርዓት ነበረው። ዓርብ ዓርብ አንድ ተማሪ ወጥቶ አንድ ከባድ ቃል ያቀርባል፤ አጻጻፉን፣ ትርጉሙን፣ ከየት እንደመጣ፣ በመጨረሻም ዓረፍተ ነገር ይሠራበታል። ነጥቡ ከዓመቱ ውጤት ጋር ይደመራል፤ በዓመቱ መጨረሻ በእንግሊዝኛ አንደኛ የሚወጣው ደግሞ በወላጆች ቀን ሽልማት ይቀበላል። ሽልማቱ በቢሮው መደርደሪያ ላይ እንዲያጓጓን ተቀምጦ ነበር። ቀይ ሽፋን ያላት የኪስ መዝገበ ቃላት ነበረች። የራሴ መዝገበ ቃላት! ገጹን እንደፈለግሁ የማገላብጠው! አንደኛ ለመውጣት እኔና ሌንሴ የምትባል የባለሱቅ ልጅ እንናነቅ ነበር፤ ተራዬ ሲደርስ የመረጥኩት ቃል ታንታላይዝ ነው። መንደሪኗን ባቀርብ ሙሉ ነጥብ አገኝ ነበር። እልህ ነው የመረጠው፤ ያሳከከኝን ማከክ ፈለግሁ።

ሳምንቱን ሙሉ ሰው ጠየቅሁ። የአክስቴ ባል ጋሽ ወርቁ፣ ከሸዋ መጥተው ልብስ ስፌት የሚሠሩ፣ ከመኪናቸው ቀና ሳይሉ «የእንግሊዝ ጄኔራል ነው። ከረን ላይ የተዋጋ» አሉኝ። የሰንበት ትምህርት የሚያስተምሩን ወንጌላዊ ደግሞ ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ አሰቡና «ሐዋርያው ያለፈበት ከተማ ነው፤ ፈልጊው፣ ሐዋርያት ሥራ ላይ ታገኚዋለሽ» አሉኝ። የሐዋርያት ሥራን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ጠርሴስ አለ፣ ተሰሎንቄ አለ፣ ታንታለስ የለም። ከሁሉ በላይ ያቃጠለኝ አለማወቃቸው አይደለም። ከመካከላቸው አንድ ሰው «አላውቅም» ቢለኝ ኖሮ እግሩን እስም ነበር።

የቀሩት ኦቦ ዲንሳ ናቸው።

«ኦቦ፣ አንድ ገጽ ብቻ። እርስዎ ራስዎ ይግለጡት፣ እኔ እጄን አላስገባም። አይቼ ወዲያው ይመልሱታል።»

«ኢንተላ ኮ፣ ሚስ ስትመጣ?»

«ሚስ አትመጣም፣ ኦቦ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ከሄደች ስንት ዘመኗ ነው!»

«አደራ ዘመን አለው እንዴ?» አሉና መስታወቱን በጋዜጣ ማሸት ቀጠሉ። ቁጣ የለም፣ ማሾፍ የለም። ያንን ለስላሳ ድምፃቸውን ነው እስካሁን ይቅር ያላልኩት፤ የሚቆጣ ሰው ቢሆኑ ተጣልቼ እገላገል ነበር።

ሐሙስ ዕለት፣ ቃሉን በማቀርብበት ቀን ዋዜማ፣ የመጨረሻ ልለምናቸው ሄድኩ። ስገባ ያላየሁትን አየሁ። ቁም ሣጥኑ ተከፍቷል። ኦቦ ዲንሳ ያረጀውን ናፍታሊን አውጥተው አዲሱን እየቋጠሩ ነው። መጽሐፉን ያለ መስታወት ሳየው ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር፤ ወረቀቱ ከመስታወቱ ውጭ ሲያዩት ሌላ ነው፣ ቢጫ ነው፣ እንደ ሰው ቆዳ ትንንሽ ቀዳዳ አለው። ልናገር አፌን ስከፍት ከውጭ ጩኸት ተሰማ፤ የጎረቤት ላም አጥሩን ጥሳ የንባብ ቤቱን ጎመን ታጭዳለች። ኦቦ ዲንሳ በመስኮቱ አዩ፣ መጽሐፉን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ኢንተላ ኮ፣ እስክመለስ አደራሽን» አሉኝና ዱላቸውን አንስተው ሮጡ።

እንግዲህ ይታያችሁ። ክፍሉ ውስጥ እኔና መጽሐፉ ብቻ ነን። ቁልፉ ከእነክሩ መዝጊያው ላይ ተንጠልጥሏል። ዓመት ሙሉ የቆምኩበት መስታወት ወደ ጎን ተከፍቷል። «አደራ» ባይሉኝ ኖሮ ገጹን ገልጬ አይቼ እመልሰው ነበር፤ ማን ያያል? ግን ሰውዬው ያቺን ቃል ጭንቅላቴ ላይ አስረውብኝ ሄዱ። እጄን እዘረጋለሁ፣ «አደራሽን» የሚለው ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ እጄን እመልሳለሁ። ደግሞ እዘረጋለሁ። እንዲህ ስል ከባሕር ዛፎቹ በኩል ነፋስ መጣ፣ በመስኮቱ ገባ፣ የመጽሐፉን የቀኝ ገጽ ከታች በኩል ያዘና ማንሳት ጀመረ። ቀስ እያለ፣ እንደሚያነብ ሰው። ጥጉ ተነሣ፣ ግማሹ ተነሣ፤ ከስሩ ጥቁር ፊደል ብልጭ አለ።

በመዳፌ ደፍኜ ያዝኩት። ዓይኔንም ወደ ካርታው አዞርኩ።

ኦቦ ዲንሳ ጭቃ በጭቃ ሆነው ሲመለሱ እጄ ገጹ ላይ ነበር። መጀመሪያ ደነገጡ፤ ቀጥሎ ነፋሱን፣ መስኮቱንና የዞረ ፊቴን አይተው ገባቸው። መስኮቱን ዘጉ፣ እጄን በሁለት እጃቸው አንስተው መስታወቱን ቆለፉ። «ገላቶሚ» አሉኝ፤ አመሰግናለሁ ማለት ነው። «ሚስ ስትመጣ ስላንቺ እነግራታለሁ።»

ዓርብ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆምኩ። አጻጻፉን ጻፍኩ፣ ትርጉሙን ተናገርኩ፣ ዓረፍተ ነገር ሠራሁ። «ምንጩስ?» አለ ቲቸር ሽፈራው።

«ታንታለስ ከሚባል ስም ነው። ታንታለስ ማን እንደሆነ አላውቅም።»

ክፍሉ ውስጥ ከኋላ አንዱ «እማማ አላወቀችም» አለ፣ ሌሎቹ ሳቁ። ቲቸር ሽፈራው ጠመኔውን ተቀበለኝና፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ታንታለም በደቡብ የአገራችን ክፍል የሚወጣ ውድ ማዕድን እንደሆነ፣ ሰዎች ሲቆፍሩ ቶሎ ስለማያገኙት ቃሉ ከዚያ እንደመጣ ጽፎ አስረዳ። ሁሉም ገለበጠ። ሌንሴ በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሕፈቷ ከሥሩ በቀይ አሰመረችበት። እኔ አልገለበጥኩም። ማዕድኑ ራሱስ ስሙን ከየት አመጣው? ብዬ ብጠይቅ ኖሮ ጥሩ ነበር። የምንጩን ነጥብ ጨርሶ ሰረዘብኝ። ስንወጣ ሌንሴ ክንዴን ይዛ «አንቺ ደግሞ፣ የሆነ ነገር ብትዪው ምን ነበረበት? ከተማ ነው ብትዪው ያልፍ ነበር እኮ» አለችኝ። ከልቧ አዝናልኝ ነበር።

በዚያች ነጥብ ሌንሴ በለጠችኝ። በወላጆች ቀን ቀይዋን መዝገበ ቃላት ተቀበለች፤ አባቷም ከደስታ ብዛት በፕላስቲክ ጠቅልለው ሬዲዮናቸው ላይ አስቀመጧት፤ ሬዲዮኑ በዳንቴል ተሸፍኗል፣ መጽሐፏ ከዳንቴሉ በላይ ናት። በዚያች ከተማ የማውቃቸው ሁለት መዝገበ ቃላት፣ አንዱ በመስታወት ሌላዋ በፕላስቲክ፣ ከሰው እጅ ተጠብቀው ተቀመጡ። አንድ ቀን ሌንሴ እናቷ ገበያ ሲሄዱ አውርዳ አሳየችኝ። ታንታለስ አልነበረም። ትንንሽ መዝገበ ቃላት የሰው ስም አይዙም።

መልሱን ያገኘሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ጅማ የመምህራን ሥልጠና ላይ ሳለሁ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ትልቅ መዝገበ ቃላት ነበር፤ ሰው ሁሉ እያገላበጠው ጠርዙ እንደ ፎጣ የለሰለሰ። ገለጥኩት፤ የከለከለኝ ሰው አልነበረም፤ ዙሪያዬን ግን አየሁ። ታንታለስ በግሪኮች ተረት ውስጥ ያለ ንጉሥ ነው። አማልክቱ ከማዕዳቸው ያበሉት ነበር፤ እሱ ግን በደላቸውና እስከ አገጩ በውኃ ውስጥ አቆሙት። ከራሱ በላይ ፍሬ ያንዘረገገ ዛፍ አለ። ሊጠጣ ጎንበስ ሲል ውኃው ይሸሻል፤ ፍሬውን ሊይዝ እጁን ሲዘረጋ ነፋስ ይመጣና ቅርንጫፉን ያነሳበታል። ስሙ ግስ ሆኖ የቀረው ከዚህ ነው። ማዕድኑንም ያገኘው ሰው፣ አሲድ ውስጥ ቢነከር ምንም የማይጠጣ ሆኖ ቢያገኘው፣ በዚህ በተጠማ ንጉሥ ስም ጠራው፤ ቲቸር ሽፈራው የልጅ ልጁን አያት አድርጎ ነበር ያስገለበጠን። ነፋሱ ላይ ስደርስ ማንበብ አቆምኩ። ታንታለስን ነፋስ እየመጣ ይነጥቀው ነበር፤ ለእኔ ግን ነፋሱ ሊሰጠኝ ነበር የመጣው። የያዝኩት እኔ ነኝ።

ለኦቦ ዲንሳ ይህን ሳልነግራቸው አላድርም ብዬ በመጀመሪያው ዕረፍት ነቀምቴ ገባሁ። ንባብ ቤቱ የእህል መጋዘን ሆኗል። ቁም ሣጥኑን የሆነ መሥሪያ ቤት ወስዶ ማኅተምና ካርቦን ያስቀምጥበታል። መጽሐፉን ግን ኦቦ ዲንሳ ከእነማስቀመጫው፣ እንደተገለጠ፣ ኮታቸውን ከላይ አልብሰው፣ ከተማውን በእግራቸው አቋርጠው ቤታቸው እንዳስገቡት ሰማሁ። ሰው ሁሉ ሬሳ የያዙ መስሎት ኮፍያውን ያወልቅ ነበር አሉ።

መኝታ ቤታቸው ውስጥ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ያው ገጽ። ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው፤ ውኃውን፣ ፍሬውን፣ ነፋሱን። ስነግራቸው ድምፄ እየጠነከረ ይሄድ ነበር፤ ይህ ንጉሥ እኔ ነኝ፣ መስታወቱ ፊት ያቆሙኝ እርስዎ ነዎት፣ ማለቴ እንደሆነ እንዲገባቸው ፈልጌ ነበር። አገጫቸውን በዱላቸው ላይ ደግፈው ሰሙኝ።

«ሰውየው ግን ምን አጥፍቶ ነው?» አሉኝ።

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ያነበብኩትን በትክክል ከመናገር ሌላ አልችልምና ተናገርኩ፤ አማልክቱ አምነው የነገሩትን ምሥጢር ለሰው አወጣ ይባላል፣ ከማዕዳቸውም ሰረቀ ይባላል።

ኦቦ ዲንሳ ቀና አሉ። ፊታቸው እንደዚያ ሲበራ አይቼው አላውቅም።

«አየሽ፣ ኢንተላ ኮ!» አሉኝ። «አደራ በልቶ ነዋ።»

ያን ሁሉ መንገድ ተጉዤ ያመጣሁባቸው ክስ ለእሳቸው ምስክር ሆነላቸው። ከዚያ በኋላ በተገናኘን ቁጥር፣ ጊዳ አያና ተመድቤ ስመላለስም፣ ወደ ነቀምቴ ተዛውሬ ስመጣም፣ «ያ አደራ በላው ንጉሥ አሁንም ውኃው ውስጥ ነው?» ይሉኝና ይስቃሉ። እዚያ ግጭት ከተነሣ ወዲህ ጊዳ አያና ያስተማርኩበት ክፍል ጣሪያ ይኑረው አይኑረው የሚነግረኝ የለም፤ ልጆቹም የት የት እንደተበተኑ አላውቅም። ሚስ አልመጣችም። እሳቸው ግን እስከ መጨረሻው ናፍታሊኑን ሲቀይሩ ኖሩ።

ትናንት ነው ነጠላውን የፈታሁት። ከእኔ ጋር የምትኖረው የወንድሜ ልጅ ሲፈን አጠገቤ ነበረች። አያንቱ ስትሄድ «ምን አድርጊው አሉ?» ብዬ ጠይቄያት ነበር፤ «ምንም አላሉም። ‹መስታወቱ ጋ ትቆም ለነበረችው ስጫት፣ አደራ› ብቻ አሉ» ብላኛለች። እንደተገለጠ አቆይው ማለት ነው? ወይስ ግለጪው? እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ሰው ይህንን ሳይናገር እንዴት ይሞታል?

የማውቃቸው ሁለት ገጾች ጠፍተዋል ማለት ይቻላል። የስንት ዓመት የመስኮት ፀሐይ በልቷቸው ወረቀቱ የሻይ መልክ ይዟል፤ ታንጀሪን የምትነበበው ለሚያውቃት ሰው ብቻ ነው። ገጹን ያዝኩና ገለጥኩት። ምንም አልሆነም። የሚቀጥለው ገጽ ነጭ ነው፤ ፊደሉ ጥቁር፣ ትናንት የታተመ ይመስላል፤ ማንም ሳያየው፣ ፀሐይም ሳታየው ተቀምጦ። ከላይ፣ ከማዕድኑ ቀጥሎ፣ ታንታለስ አለ። ሁለት መስመር ነው። ሁለት መስመር።

ሲፈን እስክጨርስ አልጠበቀችም፣ ስልኳን አውጥታ «አዳዳ፣ ይኸው» አለችና፣ አክስቴ ማለቷ ነው፣ ንጉሡን፣ ውኃውን፣ ፍሬውን በአንድ ትንፋሽ አነበበችልኝ፤ ሥዕሉንም አሳየችኝ። «ለዚህ ነው ዓመት ሙሉ የቆምሽው?» አለችኝ። ማታ ራት ስንበላ ንጉሡ ማን ይባል እንደነበር ጠየቅኳት። «የቱ ንጉሥ?» አለች።

ይህን የምነግራቸው ሰዎች፣ አስተማሪ ጓደኞቼም ጭምር፣ ያ መቆም ነው አንቺን አንባቢ ያደረገሽ፣ ተከልክለሽ ባታገኚው ኖሮ አትወጂውም ነበር ይሉኛል። እኔ አልስማማም። መስታወት ፊት መቆም ማንንም አያሳድግም፤ የአንዲት ልጅን ዓመት ይበላል እንጂ። መጽሐፍ የሚሠራው ሊገለጥ ነው። ያን ገጽ ኦቦ ዲንሳ መግለጥ ነበረባቸው። ዛሬ ቢኖሩም ይህንኑ እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸውም መስታወታቸውን ማሸታቸውን አያቆሙም። ዳሩ እንዲህ የምከራከረው ሰው ከዚህ በኋላ ከየት አመጣለሁ? አንድ ቃል ተናግሮ የወጣን ሰው ዕድሜውን ሙሉ ይመጣል ብሎ የሚጠብቅ ሰው በዚህ ከተማ ውስጥ አንድ ነበር፤ እሱም ሄደ።

መጽሐፉን ሰፈር ያሉ ልጆች እንዲያገላብጡት በረንዳዬ ላይ አውጥቼዋለሁ። ችግሩ፣ በዚያ ገጽ ላይ ስለኖረ ጀርባው እዚያ ላይ ተሰብሯል። የትም ብትገልጡት ትንሽ ይቆይና ራሱ ተገልብጦ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሲፈን «ድንጋይ ጫኚበት» አለችኝ፤ ድንጋይ ወረቀቱን ይጎዳዋል። ስለዚህ ይህን በቀኝ እጄ ስጽፍ ግራ እጄ ነጩ ገጽ ላይ ነው። ያኔ እንዳይገለጥ የያዝኩትን ዛሬ እንዳይከደን ይዤዋለሁ። እጄ ዝሏል። ሳነሳው ደግሞ ይመለሳል።